አበባው የት ነው የሚያርፈው?

ቆቃ አካባቢ ባለ የጽጌረዳ እርሻ የኤክስፖርት ሰነድ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። የምኖረው አዳማ ነው። ፖስታ ቤት አካባቢ ፎቅ ላይ ካለች ባለ ሁለት ክፍል የትራንዚት (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) ቢሮ ጋር ከሠራሁ ዓመት ሞላኝ። ትራንዚተር ለምትፈልጉ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ባለቤቱን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ክፍያ አልነበረም። «አበባው የት ነው የሚያርፈው?» አሉኝ። ሆላንድ አልኳቸው። «እዚያው ይሸጣል ወይስ ወደ እንግሊዝ ያልፋል?» እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቀኝ ትራንዚተር የለም።

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ጥያቄ ላይ ነው። እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት የወጣችው በጥር 2012 ዓ.ም. ነው፤ የጉምሩክ ድንበሩ ግን ሥራ ላይ የዋለው በታኅሣሥ 2013 ነው። ድሮ ሆላንድ የገባ ካርቶን ያለ ጠያቂ እንግሊዝ ይደርስ ነበር። አሁን እንደገና ዲክላራሲዮን፣ ማለትም የጉምሩክ መግለጫ፣ ይሞላበታል። የቀረጡም ነገር አለ። ከእኛ በቀጥታ ሲሄድ ቀረጥ የማይከፈልበት አበባ፣ ሆላንድ ጉምሩክ ጨርሶ ገብቶ ከዚያ ሲሻገር 8 በመቶ ይጠየቅበት ነበር። እንግሊዝ ይህን ቀረጥ ለሁለት ዓመት ያነሳችው ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ ነው። ጋሼ ይህን ሁሉ ወረቀት ላይ እየሳሉ አስረዱኝ።

ከእነሱ በፊት የነበረን ቢሮ በቀጥታ ለእንግሊዝ የሚሄድ ጭነት ፋይቶ (የዕፅዋት ጤንነት ምስክር ወረቀት) ላይ ሆላንድ ብሎ አስሞላ። ፋይቶ የሚጻፈው ጭነቱ ለሚገባበት አገር ነው፤ ስለዚህ ካርቶኖቹ እንግሊዝ ላይ ተያዙ። ከሁለት ቀን በኋላ ፎቶ በዋትስአፕ መጣልኝ። ዳር ዳሩ ቡናማ የሆነ፣ አንገቱ የዘመመ ቀይ ጽጌረዳ። ስንት ሰው ሌሊት ተነስቶ የቆረጠው፣ ያሰረው አበባ ነው። ያን ፎቶ እስካሁን አላጠፋሁትም።

እዚህ ቢሮ ግን ሰነድ ሳይነበብ አይወጣም። ጋሼ ኢንቮይሱ ላይ ማስመሪያ ያስቀምጡና መስመር በመስመር ድምፅ አውጥተው ያነባሉ። ረዳታቸው ፋይቶውንና ኤርዌይ ቢሉን (የአየር ጭነት ሰነዱን) ይዛ ትመልሳለች። «ካርቶን?» «ሰማንያ አራት።» «ክብደት?» አንዴ 84 የነበረው ፋይቶው ላይ 48 ተብሎ ተገኘ። መኪናው ወደ ቦሌ ሳይነሳ አስቀየሩት።

ዋጋቸው ከሌላው ትንሽ ይወደዳል፤ ግን መጀመሪያ የነገሩህን ነው የምትከፍለው። ቅር የሚለኝ ቅዳሜ ከሰዓት ስልክ አለማንሳታቸው ነው። የእሁድ በረራ ካላችሁ ወረቀታችሁን አርብ ጠዋት አድርሱ።