ያለ ተርቦ በተሠራ 13ቢ ሮተሪ ላይ ተርቦ፦ የዘጠኝ ወር አጠቃቀም

መኪናው የ1989 ማዝዳ አርኤክስ-7 ነው። ሞተሩ 13ቢ የሚባለው ሮተሪ፣ ማለትም በፒስተን ፈንታ ባለሦስት ማዕዘን ሮተር የሚሽከረከርበት፣ ሁለት ሮተር፣ 1308 ሲሲ፣ ከፋብሪካ ሲወጣ 160 የፈረስ ጉልበት የነበረው። ከዘጠኝ ወር በኋላ ፍርዱ ይህ ነው፦ ተርቦው (በጭስ ኃይል እየተሽከረከረ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው ዕቃ) የሚሰጠው ግፊት ከ0.5 ባር ካላለፈና ነዳጁንና እሳቱን የሚመራው ኮምፒውተር ከተቀየረ ያስደስታል፣ ይቆያልም። ከዚያ በላይ ለሚፈልግ ግን ከፋብሪካ ተርቦ ይዞ የወጣውን ሞተር መግዛት ይሻላል።

ነገሩ ያለው ኮምፕሬሽኑ ላይ፣ ማለትም ሞተሩ አየርና ቤንዚኑን በሚያምቅበት መጠን ላይ ነው። ይህ ሞተር 9.7 ለ1 ያምቃል፤ የዚያው ዘመን ባለተርቦው 9.0 ለ1 ነው። ቤንዚን ያለጊዜው ሲፈነዳ ፒስተን ሞተር ጥቂት ይታገሣል፤ ሮተሪ አይታገሥም። በሮተሩ ሦስት ጫፎች ላይ የተቀመጡት አፔክስ ሲሎች (ጫፉንና የሮተሩን ቤት የሚያጣብቁ ቀጫጭን ዘንጎች) ውፍረታቸው 2 ሚሊሜትር ብቻ ነው። አንዱ ሲሰበር ስባሪው የሮተሩን ቤት እየፋቀ በጭስ መውጫው ይወጣና ጭሱ የሚያሽከረክረውን የተርቦውን ተርባይን ይመታል። በአንድ ጥፋት ሞተሩም ተርቦውም ይሄዳሉ።

ስለዚህ ምንም ዕቃ ሳይገዛ ኮምፕሬሽን ይለካ። ተራው የፒስተን መለኪያ ከሮተሩ ሦስት ገጾች ትልቁን ቁጥር ብቻ ስለሚይዝ ያታልላል፤ እያንዳንዱን ገጽ ለየብቻ የሚያሳይ የሮተሪ መለኪያ ያስፈልጋል። በደቂቃ 250 ዙር ከ6 ኪሎ በካሬ ሴንቲሜትር ካነሰ፣ ወይም በገጾቹ መካከል ከ1.5 በላይ ልዩነት ካለ፣ መጀመሪያ ሞተሩ ይታደስ።

ቤንዚን የሚረጩት የፋብሪካው ኢንጀክተሮች አራቱም በደቂቃ 460 ሲሲ ናቸው። እዚህ ሁለቱ ሴከንደሪዎች (ሞተሩ ሲጫን የሚጨመሩት) በ720 ተተክተዋል፤ ፓምፑ በሰዓት 255 ሊትር የሚገፋ ነው። በግፊት ጊዜ አየሩ በክብደት የቤንዚኑ 11.2 እጥፍ አካባቢ ይያዝ። በየሮተሩ ካሉት ሁለት ካንዴላዎች ኋለኛው (ትሬሊንጉ) ከፊተኛው (ከሊዲንጉ) 15 ዲግሪ ዘግይቶ እሳት ይስጥ፤ አራቱም ካንዴላዎች በሙቀት ደረጃቸው ቀዝቃዛው 9 ቁጥር ይሁኑ። የነዳጅ ግፊትን ብቻ እየጨመረ ኮምፒውተሩን የሚያታልለውን ርካሽ ሬጉሌተር አትግጠሙ። ብዙ ሞተር የገደለው እሱ ነው።

ብዙ ጊዜ የፈጀው ዌስትጌቱ፣ ማለትም ትርፉን ጭስ ተርባይኑን ሳይነካ አሳልፎ ግፊቱን የሚገድበው በር ነበር። የሮተሪ ጭስ ብዙም ነው፣ በጣምም ይግላል። በተርቦው ውስጥ ያለችው ትንሽ በር ተከፍታም አታስተነፍሰውም፤ በሩን የሚይዘው ስፕሪንግ 0.5 ባር ሆኖ ሳለ በቀዝቃዛ ሌሊት፣ በሦስተኛ ማርሽ፣ 6000 ዙር ላይ የግፊት መለኪያው መርፌ ቀስ እያለ 0.75 ይደርስ ነበር። ስፕሪንግ መቀየር ምንም አላመጣም። የፈታው 60 ሚሊሜትር የሆነ የውጭ ዌስትጌት ነው፤ ቧንቧውም ከማኒፎልዱ (ጭሱን ከሞተሩ ወደ ተርቦው ከሚያደርሰው ቧንቧ) ላይ ጭሱ በሚሄድበት አቅጣጫ ተዘንብሎ መበየድ አለበት። ቀጥ ብሎ በጎን ከተበየደ ጭሱ አልፎት ይሄዳል፣ ግፊቱም እንደገና ከገደቡ ያልፋል።

በአራተኛው ወር ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ሰማያዊ ጭስ ታየ። ይህን ያየ ሁሉ የዘይት ሲል አለቀ ብሎ ሞተር ሊያስከፍት ይችላል። ጥፋቱ ግን የተርቦው ዘይት መመለሻ ጎማ ላይ ነበር፤ መሐል ላይ ጎብጦ ዘይቱ እየተጠራቀመ በተርባይኑ በኩል ይወጣል። መመለሻው ውስጡ ቢያንስ 16 ሚሊሜትር ሆኖ እስከ ዘይት ገንዳው ድረስ ሳይጎብጥ ይውረድ።

ፍሪሲዮኑ በሁለተኛው ወር መንሸራተት ስለጀመረ ተቀይሯል። ካምቢዮው ከባለተርቦው ቀለል ያለ ቢሆንም በዚህ ግፊት ችሏል። ለሲሎቹ ማለስለሻ ዘይት ወደ ሞተሩ ውስጥ የሚጥለው የዘይት መጣያ ፓምፕ ሳይነቀል፣ በ20 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊሊትር የሁለት ምት ዘይት ይጨመራል፤ የሞተር ዘይት በየ5000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል።

ተርቦውን ከሥር የሚደግፍ ብረት ሳይኖር ክብደቱ ሁሉ በማኒፎልዱ ላይ ከዋለ ብየዳው ይሰነጠቃል። ድጋፉ ቢኖርም ሙቀቱ ዳዶዎቹን ያላላል፤ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ በየ1500 ኪሎ ሜትሩ ይጥበቁ። በጓርኒሲዮኑ ዙሪያ ጥቁር ጥላሸት ከታየ ማጥበቅ አይበቃም፤ ጓርኒሲዮኑ ይቀየር።