ሁለት ሲሪንጅ ፓምፖች ከዘጠኝ ወር አገልግሎት በኋላ

ያስገዛኋቸው ሁለት ሲሪንጅ ፓምፖች (በሲሪንጅ ያለ መድኃኒትን በተወሰነ ፍጥነት ወደ ደም ሥር የሚገፉ መሣሪያዎች) እኔ በሰመመን ባለሙያነት በምሠራበት የሐረር ሆስፒታል ሥራ ከጀመሩ ዘጠኝ ወር ሞላቸው። ለብዙ ዓይነት ቀዶ ሕክምና ተጠቅሜባቸዋለሁ፤ ጥቅማቸውን በሚገባ የተረዳሁት ግን እንግዳ ሐኪሞች የነርቭ መከታተያ ይዘው መጥተው አከርካሪያቸው የተጣመመ ታዳጊዎችን በቀዶ ሕክምና ባከሙባቸው ቀናት ነው።

አከርካሪ በብረት ዘንግ ሲቃና ኅብለ ሰረሰሩ ሊወጠር ወይም የሚደርሰው ደም ሊቀንስ ይችላል። ጉዳቱን በጊዜ ለመለየት አንጎል ከራስ ቅል በላይ በኤሌክትሪክ ይነቃቃል፤ የእጅና የእግር ጡንቻዎች የሚሰጡት ምላሽም ስክሪን ላይ ይነበባል። እንደ አይሶፍሉሬን ያሉ በትንፋሽ የሚሰጡ የሰመመን መድኃኒቶች መጠናቸው በጨመረ ቁጥር ይህን ምላሽ ያደበዝዙታል፤ ጡንቻ የሚያዝል መድኃኒት ደግሞ የመተንፈሻ ቱቦ ከገባ በኋላ ከተደገመ ምላሹን ሊያጠፋው ይችላል። በደም ሥር የሚሰጠው የሰመመን መድኃኒት ፕሮፖፎልም ሲበዛ ያዳክመዋል፤ ሆኖም ከሕመም ማስታገሻው ፌንታኒል ጋር በተመጠነና በማይዋዥቅ ፍጥነት ሲሰጥ ምላሹ በተሻለ ሁኔታ ይጠበቃል። ጠብታ በዓይን እየቆጠሩ ይህን ያህል እኩል ፍጥነት ማግኘት አይቻልም።

አንዲት የ14 ዓመት ልጅ በሦስተኛው ሰዓት ላይ የሁለቱም እግሮቿ ምላሽ ከግማሽ በታች ወረደ፤ የክፍሉ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። የፓምፑ ፍጥነት ለ40 ደቂቃ አልተለወጠም፣ የእጆቿም ምላሽ እንደነበረ ነው። ሰመመኑ በዝቶ ቢሆን ኖሮ እጆቿም አብረው በደከሙ ነበር። የደም ግፊቷን ከፍ አደረግን፣ ቀዶ ሐኪሙም ዘንጉን በጥቂቱ አላላ፤ ምላሹ ቀስ በቀስ ተመለሰ። ስትነቃ፣ ከዋዜማው አብረን በተለማመድነው የኦሮምኛ ቃል እግሯን እንድታንቀሳቅስ ጠየቅኋት፤ የሁለቱንም እግሮቿን ጣቶች አንቀሳቀሰች። መከታተያ በሌለበት ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም ስታኛራና ባልደረቦቹ በ1973 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት በቀዶ ሕክምናው መካከል የማንቃት ፈተና ዛሬም ያገለግላል፤ ለዚያም ቢሆን በሽተኛው የሚሰማውን ቋንቋ መናገር ግድ ነው።

ጉድለታቸውን አልሸሽግም። ሲሪንጁ ፓምፑ ከሚያውቃቸው ዓይነቶች ውጭ ከሆነ የሚገፋው መጠን ስክሪኑ ከሚያሳየው ይለያል፤ ስለዚህ አንድ ዓይነት ሲሪንጅ ብቻ እንድንጠቀም ወስነናል። ፍጥነቱ ዝቅተኛ ሲሆን የመድኃኒቱ መስመር ሲዘጋ ማስጠንቀቂያው ዘግይቶ ይጮኻል። ካኑላው (መድኃኒቱ ወደ ደም ሥር የሚገባበት ቀጭን ቱቦ) ከደም ሥር ቢወጣ ደግሞ ፓምፑ ምንም ሳያሳውቅ መግፋቱን ይቀጥላል፤ በሆዷ የተኛች ልጅ ክንድ በጨርቅ ተሸፍኖ እያለ ይህ እጅግ ያሰጋኛል፤ ስለዚህ ካኑላው የገባበትን ቦታ ሳይሸፈን እተወዋለሁ። የአንደኛው ባትሪ ከሰባተኛው ወር ጀምሮ ስለደከመ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ያለው ጊዜ ያስጨንቀኛል።

ለሚገዛ ባልደረባ የምመክረው ሦስት ፓምፕ ነው። 40 ኪሎ ለምትመዝን ልጅ በደቂቃ በኪሎ 100 ማይክሮግራም ማለት 1% ፕሮፖፎል በሰዓት 24 ሚሊ ሊትር ነው፤ የ50 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ በሁለት ሰዓት ገደማ ያልቃል። ሲሪንጅ ስንቀይር የሚፈጠረው ክፍተት ሰመመኑን ያዋዥቃል፤ ሦስተኛው ፓምፕ አስቀድሞ ተሞልቶ ከጠበቀ ግን መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ወደ እሱ ይተላለፋል።