የኤሌክትሪክ መኪናዬ፣ ሆርሙዝ እና የ1966ቱ ቤንዚን

ስለ መኪናዬ ለሚጠይቁኝ ሁሉ አንድ ላይ ልመልስ። አነስ ያለች የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ናት፤ አዲስ አበባ ውስጥ በየመንገዱ የምታዩዋት ዓይነት። ጥሩ መኪና ናት። የራሱ ግቢና የራሱ ቆጣሪ ያለው ሰው፣ ከከተማ ብዙም የማይወጣ ከሆነ፣ ይግዛት። የቀረው ዝርዝር ነው። እኔ ደግሞ የታክሲ ሹፌር ልጅ ስለሆንኩ ስለ መኪና ጀምሬ ስለ ነዳጅ ሳላወራ አልጨርስም፤ ታገሡኝ።

መጀመሪያ ርቀቱን። ሻጩ አንዴ ከሞላች 400 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች አለኝ። ከተማ ውስጥ ቀስ ብዬ ስነዳ ወደ 300 ትጠጋለች፤ ከዚያ በላይ አይቼ አላውቅም። ዳገት ባትሪ ይበላል። ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ ስወጣ የባትሪው ቁጥር ዓይኔ እያየ ይወርዳል። ደስ የሚለው ቁልቁለቱ ነው፤ እግሬን ከመርገጫው ላይ ሳነሳ መኪናዋ ራሷን እየያዘች መልሳ ትሞላለች። ወደ አዳማ መሄድም እንዲሁ ቀላል ነው፤ መንገዱ ቁልቁል ነው። ችግሩ መመለሱ ነው። በፈጣን መንገዱ ላይ 100 እየነዱ ሽቅብ ወደ አዲስ አበባ መምጣት ልብ ያንጠለጥላል። አየር ማቀዝቀዣውን አጥፍቼ፣ መስኮት ከፍቼ ነው የምገባው። ባለቤቴ በዚህ እስካሁን ትስቅብኛለች።

ወጪው ግን አያከራክርም። ለመብራት የምከፍለው ለቤንዚን ከማወጣው ሩቡን እንኳ አይሞላም። የሞተር ዘይት መቀየር የለ፣ ካንዴላ የለ፣ ፊልትሮ የለ። ብሩ ብቻውን ግን አይደለም ያስደሰተኝ። ትልቁ ነገር ከማደያ ሰልፍ መውጣቴ ነው። ቤንዚን ጠፋ ሲባል ሌሊት ተነስቶ ወረፋ መያዝ፣ ሲደርሱ «አለቀ» መባል፣ ይህ ሁሉ ቀረልኝ።

ያ ሰልፍ እንዲሁ የመጣ ነገር አይደለም። አገራችን የምትጠቀመውን ነዳጅ ከውጭ በዶላር ትገዛለች። በሶቭየቶች የተሠራ የአሰብ ማጣሪያ ነበረን፤ ማጣሪያው ቆመ፣ ከ1990ው ጦርነት ወዲህ ደግሞ ወደቡም ተዘጋብን። አሁን መርከብ ጅቡቲ ይደርሳል፣ ቦቴው ከዚያ ተጭኖ ይመጣል። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ሲከለክል ብዙ ሰው ስለ አካባቢ አየር ነው ብሎ ነበር። በአብዛኛው የዶላር ጉዳይ ነው። እኔም መኪናዋን የመረጥኳት ወድጄ ብቻ አይደለም፤ አዲስ የቤንዚን መኪና ማስገባት ስለማይቻል ነው።

አባቴ በሰማያዊና ነጭ ፊያት 600 ነበር የሚሠራው። ስለ 1966 ዓ.ም. ሲያወራ ገና ትናንት የሆነ ይመስል ነበር። በመስከረም መጨረሻ ግብፅና ሶርያ ከእስራኤል ጋር ተዋጉ። በጥቅምት የዓረብ ነዳጅ አምራቾች ምርት ቀነሱ፤ እስራኤልን ትረዳለች ያሏት አሜሪካንም ሆነ ሆላንድን ነዳጅ ከለከሉ። ከጦርነቱ በፊት 3 ዶላር ገደማ የነበረው በርሜል ወዲያው ጥር ሳይወጣ ከ11 ዶላር በላይ ሆነ። እኛ ከጦርነቱም ከማዕቀቡም የለንበትም። ዋጋው ግን መጣብን።

ከዋጋው በፊት ደግሞ ዲፕሎማሲው መጣ። ጃንሆይ ከእስራኤል ጋር የነበራቸው ወዳጅነት የታወቀ ነው፤ እስራኤላውያን ጦራችንን ያሠለጥኑ ነበር፣ የደኅንነት ሰዎቻቸውም እዚህ ነበሩ። ያም ሆኖ በዚያው በጥቅምት ኢትዮጵያ ግንኙነቱን አቋረጠች። የዓረቦቹ ግፊት በረታ፣ ሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ተራ በተራ እየቆረጡ ነበር። ለዚህ ውለታ ነዳጅ በርካሽ የሰጠን ግን አልነበረም። ግንኙነቱ የተመለሰው በደርግ ዘመን ማብቂያ፣ በ1982 ነው።

በየካቲት መንግሥት የቤንዚን ዋጋ 50 በመቶ ጨመረ። የታክሲ ታሪፍ ግን እንዳለ ይቆይ ተባለ። አባቴ እዚህ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይለወጥ ነበር፤ «ከየት አምጥተን እንሥራ?» ይላል። ታክሲዎቹ ቆሙ። መምህራኑም በትምህርት ፖሊሲው የተነሳ በዚያው ሰሞን አድማ መቱ፤ ተማሪው ወጣ፣ አውቶቡስ ላይ ድንጋይ ተወረወረ። መንግሥት ደንግጦ የቤንዚኑን ዋጋ ቀነስ አደረገ። አልበቃም። ወሩ ሳያልቅ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔ ለቀቀ፤ በመስከረም 1967 ጃንሆይ ራሳቸው ወረዱ። ድርቁ ነበር፣ የመሬቱ ጥያቄ ነበር፣ የወታደሩ ደመወዝ ነበር፤ ሁሉንም ነዳጅ አመጣው የሚል ሰው ያጋንናል። ነገር ግን ከሲና በረሃ ተነስቶ ፒያሳ ታክሲ ተራ ድረስ የደረሰውን መንገድ አባቴ በዓይኑ አይቶታል።

ወደ ኋላ ከሄድን ደግሞ የባሰ አለ። በነሐሴ 1927፣ ጣሊያን ሊወረን አንድ ወር ገደማ ሲቀረው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ፍራንሲስ ሪኬት ለሚባል እንግሊዛዊ ነጋዴ የአገሪቱን ግማሽ ያህል መሬት የሚሸፍን የነዳጅ ፍለጋ ውል ለ75 ዓመት ሰጡ። ከጀርባው የአሜሪካ ኩባንያ ነበር። ስሌቱ ግልጽ ነው፤ የአሜሪካና የእንግሊዝ ገንዘብ ያለበትን መሬት ሙሶሊኒ ለመንካት ያመነታል። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ግን ኩባንያውን ጠርቶ አስተወው፤ ውሉ በቀናት ውስጥ ፈረሰ። ወረራው ከተጀመረ በኋላ የዓለም መንግሥታት ማኅበር በኅዳር 1928 ጣሊያን ላይ ማዕቀብ ጣለ፤ ነዳጁን ግን ከዝርዝሩ ተወው። የጣሊያን አውሮፕላንና ካሚዮን በምን ይሄድ መስሏቸው ነው? ሙሶሊኒ በኋላ ለሂትለር፣ ነዳጅ ቢጨመርበት ኖሮ በሳምንት ውስጥ ከኢትዮጵያ እወጣ ነበር ማለቱን የሂትለር አስተርጓሚ ጽፎታል። ይህን ያነበብኩ ቀን እራት አልበላሁም።

እንግዲህ በሰኔ 2017 እስራኤልና ኢራን ሲተኳኮሱ፣ የሆርሙዝ ባሕር ወሽመጥ ይዘጋል ሲባል፣ ማደያ አካባቢ የነበረውን ፊት ታስታውሳላችሁ። ዓለም ከሚጠቀመው ነዳጅ አምስት አንዱ ገደማ በዚያ ጠባብ ውኃ ያልፋል። ለእኛ የሚመጣውም አብዛኛው ከባሕረ ሰላጤው ነው። ያኔ እኔ መኪናዬን ግቢዬ ውስጥ ሰክቼ ዜናውን አየሁ። ትንሽ ኮራሁ፤ አልዋሽም። ጎረቤቴ ግን አንድ ነገር ብሎ ዝም አሰኘኝ፦ «ጤፉ በምን ይመጣልሃል?» እውነቱን ነው። አይሱዙው በናፍታ ነው።

ወደ መኪናዋ እንመለስ፤ ቅሬታዎቼን አልነገርኳችሁም። ቤት ውስጥ ቻርጅ ማድረግ ዘገምተኛ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ተሰክታ ብታድር ባዶ ባትሪ አይሞላም፤ ግማሹን ካለፈ ጥሩ ነው። ስለዚህ እስኪያልቅ አትጠብቁ፤ ማታ ማታ መሰካት ልማድ ይሁን። ከቆጣሪው ጀምሮ ወፍራም ገመድ ለብቻው በባለሙያ አዘርጉ። እኔ መጀመሪያ በተራ ማከፋፈያ ስሰካ ሶኬቱ ጋለ፤ ሽታው ነው ያስነሳኝ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ያው ነው፣ ትጠብቃላችሁ። የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። የእኛ ሠፈር ትራንስፎርመር ግን ገና ዜናውን የሰማ አይመስልም።

ስክሪኑ ቻይንኛ ነው። ሻጩ «በነፃ እንግሊዝኛ እናደርገዋለን» ብሎኝ ነበር፤ ከከፈልኩ በኋላ ስልክ አያነሳም። የትኛው ፊደል ሙቀት፣ የትኛው ቅዝቃዜ እንደሆነ በቅርጹ ለይቼ ይዤዋለሁ። የጎን መስታወቴን ባጃጅ ሲሰብርብኝም መለዋወጫው ከቻይና እስኪመጣ ወራት ጠበቅኩ። ለቪትዝ ቢሆን ሶማሌ ተራ ሄጄ በዚያው ቀን እገዛ ነበር። ከሆርሙዝ አመለጥኩ ስል ቤጂንግ ደጅ መቆሜ ነው እንግዲህ። ባትሪውም፣ ሶፍትዌሩም፣ መስታወቱም ከአንድ አገር ነው። ልዩነቱ፣ ነዳጅ ቢቋረጥ ማደያው በሳምንት ይደርቃል፤ ቻይና ብትቆጣ ግን መኪናዬ የምትቆመው የሚበላሽ ነገር ሲበላሽ ነው። ለእኔ ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም፤ ለዚህ ነው ቅሬታዬን ሁሉ ይዤ አሁንም ግዙ የምለው።

ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያላችሁና ገመድ በመስኮት ለማውረድ የምታስቡ፣ ይቅርባችሁ። በየሳምንቱ ደሴ ወይም ጎንደር የምትመላለሱም እንዲሁ። ሌላው ሰው ከመግዛቱ በፊት የባትሪውን ዋስትና በጽሑፍ ይቀበል፤ ስክሪኑን ደግሞ ገንዘቡ ሳይከፈል ሻጩ ፊት ለፊታችሁ ይቀይር።