የላይደን ዳታቤዝ፦ ብርሃን ሞለኪውል ሲሰብር ለሚያሰሉ

ሁለት ወር የተጠቀምኩበትን በኔዘርላንድስ የሚገኘውን የላይደን ኦብዘርቫቶሪ (የከዋክብት ጥናት ተቋም) ዳታቤዝ ልንገራችሁ። የኮከብ ብርሃን በህዋ ያሉ ሞለኪውሎችን በምን ፍጥነት እንደሚሰብር ለማስላት የሚያስፈልገውን መረጃ በነፃ ይሰጣል። ከ100 በላይ ሞለኪውሎችና አቶሞች አሉበት።

ስሌቱ ሲታይ ቀላል ነው። ሞለኪውሉ በእያንዳንዱ የሞገድ ርዝመት ብርሃን የመያዝ አቅሙን፣ ማለትም ክሮስ ሴክሽኑን፣ በፎቶኖቹ፣ ማለትም በብርሃን ቅንጣቶቹ፣ ብዛት ታባዛላችሁ። ከዚያ መደመር ነው። የምትነሱት ከ91.2 ናኖሜትር ነው፤ ከዚያ ያጠረውን ብርሃን በከዋክብት መካከል ያለው የሃይድሮጅን አቶም ውጦ ያስቀረዋል። መጀመሪያ ውሃን ሞከርኩ። ምንም ከለላ በሌለበት፣ በተለመደው የከዋክብት ብርሃን ውስጥ፣ አንድ የውሃ ሞለኪውል 40 ዓመት ገደማ ይቆያል። ይህ ቁጥር ከራሴ ኮድ ሲወጣ ሳይ የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ላይ ግን ተያዝኩ። ይህ ሞለኪውል በ11.09 ኤሌክትሮን ቮልት (የኃይል መለኪያ ነው) የታሰረ ጠንካራ ነገር ነው። የሚሰብረውን ብርሃን የሚይዘውም በቀጫጭን መስመሮች፣ ማለትም በጣም ጠባብ በሆኑ የሞገድ ርዝመቶች ላይ ብቻ፣ ነው። እኔ የዳታቤዙ ፋይል ቢበዛብኝ በየ1 ናኖሜትሩ አማካይ ወስጄ አሳነስኩት። በማሰላለት የጋዝ ደመና ጠርዝ ላይ ውጤቱ ልክ መጣ። ወደ ውስጥ ስገባ ግን መትረፍ የነበረባቸው ሞለኪውሎች አለቁብኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ኮዱን አገላበጥኩት። ለካ ጥፋቱ አማካዩ ላይ ነው! ፊት ያሉት ሞለኪውሎች በእነዚያ ቀጫጭን መስመሮች ላይ ያለውን ብርሃን ጠራርገው ይወስዱታል፤ ከኋላ ያሉት በእነሱ ጥላ ይተርፋሉ። አማካይ ስትወስዱ መስመሮቹ ይደበዝዛሉ፣ ጥላውም አብሮ ይሳሳል።

ያዳነኝ ዳታቤዙ አስልቶ ያስቀመጠው የከለላ ሰንጠረዥ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ራሱን ምን ያህል እንደሚጋርድ፣ የሃይድሮጅን ሞለኪውልም ምን ያህል እንደሚጋርደው ለብቻ ለብቻ ያሳያል። ሰንጠረዦቹ የተሰሉት ለተወሰነ ሙቀት ስለሆነ ጋዛችሁ በጣም የጋለ ከሆነ ዝም ብላችሁ አትውሰዷቸው።

ከሁሉ የወደድኩት መምጠጥን፣ መሰበርንና ኤሌክትሮን ማጣትን ለየብቻ ማስቀመጡን ነው። የሃይድሮጅን ሞለኪውል አልትራቫዮሌት ብርሃን ውጦ የሚሰበረው ከ10 ጊዜ አንዴ ቢሆን ነው፤ በቀረው ብርሃኑን መልሶ ይተፋና ሳይሰበር ይቀራል። መምጠጥንና መሰበርን ያደባለቀ ሰው ስሌቱ በ10 እጥፍ ይስታል።

አሁን ናይትሮጅንን ይዣለሁ። እሱም በቀጫጭን መስመሮች የሚሰበር ነው፤ ፋይሉን ግን በዚህ ጊዜ ሙሉውን ጭኜዋለሁ።