ጅማ ላይ የቪዛ ሰነድ ለምታዘጋጁ፦ ለአንድ ባለሙያ የቀረበ ምስጋና እና ጥቆማ

በከተማችን በጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ፣ የሰነድ ትርጉም የሚሠሩና ለቪዛ የሚቀርቡ ማስረጃዎችን የሚያደራጁ አንድ ባለሙያ አሉ። ታናሽ እኅቴ ለሥራ ወደ ጀርመን አገር በሄደችበት ጉዳይ፣ ከመጀመሪያው ምክር ጀምሮ ወረቀቷ ኤምባሲ እስከገባበት ቀን ድረስ ለደከሙልን ድካም በቤተሰባችን ስም በአደባባይ ላመሰግናቸው፣ ተመሳሳይ ጉዳይ ያላችሁንም ወደ እርሳቸው ልጠቁማችሁ ይህን ጻፍሁ። ስማቸውም ሆነ ስልካቸው በማኅበራዊ ገጽ እንዳይወጣ ስለጠየቁኝ ፈቃዳቸውን አክብሬ «ጋሼ» እያልሁ ብቻ እቀጥላለሁ፤ አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

እኅቴ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ነርሲንግ ተምራ የተመረቀች፣ የሙያ ፈቃዷን አውጥታ በጤና ጣቢያ ያገለገለች ልጅ ናት። ወደ ውጭ ለመሄድ ስታስብ፣ አንድ ደላላ በሸንገን (ጀርመንን ጨምሮ ለብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ በሚያገለግለው) የጉብኝት ቪዛ እንደሚያስገባት፣ እዚያ ከደረሰች በኋላ ወደ ሥራ ቪዛ ማስቀየሩ ቀላል እንደሆነ፣ ነርስ በጣም ስለሚፈለግም የሚያስቸግራት እንደማይኖር ለእናታችን ነግሯት ነበር። የጠየቀው ገንዘብ ቡናችን ከመሸጡ በፊት የሚገኝ አልነበረም። ጋሼ ቢሮ የገባነውም ስለ ቪዛ ልናማክራቸው ሳይሆን በአፋን ኦሮሞ የተጻፈውን የሥራ ልምድ ደብዳቤዋን ወደ እንግሊዝኛ ልናስተረጉም ነው። እርሳቸው ግን ደብዳቤውን አንብበው ሲጨርሱ ለምን ጉዳይ እንደሚፈለግ ጠየቁን።

ነገሩን ካስረዳናቸው በኋላ ወደ እርሷ ዞረው «ልጄ፣ እዚያ በደረስሽ ማግስት ጠዋት ተነሥተሽ የት ልትሄጂ ነው?» አሏት። «ሆስፒታል ነዋ ጋሼ፣ ሥራ» አለቻቸው። «እንግዲያው የጉብኝት ቪዛ ያንቺ አይደለም፤ ይህን ማመልከቻ እኔ አልሞላም» አሉና ደብዳቤውን ወደ ጎን አድርገው ያስረዱን ጀመር። የሸንገን የጉብኝት ቪዛ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ለመቆየት የሚሰጥ ነው፤ ተቀጥሮ ለመሥራት አይፈቅድም። አገሩ ገብቶ እዚያው የመኖሪያ ፈቃድ የመጠየቅ መብት በሕግ የተሰጣቸው እንደ አሜሪካ፣ ካናዳ፣ ጃፓንና ደቡብ ኮሪያ ያሉ የጥቂት አገሮች ዜጎች ናቸው። ኢትዮጵያዊ ግን በጉብኝት ቪዛ ከገባ በኋላ ሐሳቡን ለመቀየር፣ እንደ ደንቡ ወደ አገሩ ተመልሶ ትክክለኛውን ቪዛ ከዚህ መጠየቅ ይጠበቅበታል። ይህ እንግዲህ ደላላው ከነገረን ጋር በቀጥታ የሚጋጭ ነበር። የሚገርመው ደግሞ ለጉብኝት ቪዛ ኤምባሲው የሚያስከፍለው 90 ዩሮ ሲሆን፣ ለሥራና ለትምህርት የሚሰጠው ብሔራዊ ቪዛ ክፍያ 75 ዩሮ ነው፤ ደላላው በጠየቀንና በእነዚህ መካከል ያለውን ርቀት አንባቢ ይገምተው።

በዚያን ሰሞን በከተማችን ወጣቶች አፍ ላይ የነበረው ሌላው ስም ቻንሰንካርተ ነው። ይህ ጀርመን እ.ኤ.አ. ከጁን 1 ቀን 2024 ጀምሮ የምትሰጠው፣ ዕድሜን፣ ቋንቋን፣ የሥራ ልምድንና የመሳሰሉትን በነጥብ ቆጥሮ፣ ቢያንስ ስድስት ነጥብ ያገኘ ሰው እስከ አንድ ዓመት ድረስ ሥራ እንዲፈልግ የሚያስገባ ካርድ ነው። እኅቴ ነጥቡ ይሞላላት ስለነበር ልቧ ወደዚያ አዘንብሎ ነበር። ጋሼ ግን ሒሳቡን በወረቀት አስቀምጠው አሳዩን። ካርዱ የሚፈቅደው የትርፍ ጊዜ ሥራ በሳምንት 20 ሰዓት ነው፤ መተዳደሪያ የሚሆን ገንዘብም፣ እ.ኤ.አ. በ2025 በነበረው ተመን በወር 1,091 ዩሮ፣ አስቀድሞ ማሳየት ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ነርስነት በጀርመን በሕግ የተጠበቀ ሙያ በመሆኑ፣ ዲግሪዋ እውቅና እስኪያገኝና የሙያ ፈቃድ እስኪሰጣት ድረስ በካርዱ ብትገባም በነርስነት ልትቀጠር አትችልም። «ለሶፍትዌር ሠሪ ልጅ ቢሆን ይህን ካርድ እኔው እመክረው ነበር፤ አንቺ ግን አንዱን ዓመት ያጠራቀምሽውን ስትበዪ ትጨርሺዋለሽ» ያሏት አባባል እስከ ዛሬ በቤታችን ይጠቀሳል።

የመረጡላት ቪዛ የውጭ አገር ትምህርትን እውቅና ለማስጨረስ የሚሰጠውን፣ በጀርመን የመኖሪያ ሕግ አንቀጽ 16ዲ የሚታወቀውን ነው። አካሄዱ ከሌሎቹ በተለየ የሚጀመረው ከኤምባሲ አይደለም። መጀመሪያ ሰነዱ ልትሠራበት ባሰበችው ክፍለ ግዛት ወዳለው የእውቅና ሰጪ መሥሪያ ቤት ይላካል፤ መሥሪያ ቤቱ የእርሷን ትምህርት ከጀርመኑ የሦስት ዓመት የነርሲንግ ሥልጠና ጋር ያነጻጽርና የጎደለውን ዘርዝሮ በጽሑፍ ያሳውቃል። ያንን ውሳኔ፣ የጎደለውን የምታሟላበትን የሥልጠና ቦታና ቢያንስ የኤ2 ደረጃ (የጀማሪ ሁለተኛ እርከን) የጀርመንኛ ማስረጃ ይዛ ስትቀርብ ቪዛው ይጠየቃል። ፈቃዱ እስከ 24 ወር የሚሰጥ፣ ተራዝሞም እስከ 36 ወር የሚደርስ ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ ከሙያው ጋር በተያያዘ ሥራ በረዳትነት እየተከፈላት መሥራት ትችላለች። እርግጥ ኤ2 ለቪዛው እንጂ ለሙያ ፈቃዱ አይበቃም፤ ለእርሱ በአብዛኛው በሁለት እርከን ከፍ ያለው ቢ2 ይጠየቃል። ስለዚህ ጋሼ «ቪዛውን ትተሽ ቋንቋውን ያዢ» ብለው አዲስ አበባ በሚገኘው ጎተ ተቋም እስክትፈተን ድረስ የቀረውን ወረቀት እንኳ አላስቸኮሏትም።

በቅርብ ያየሁትና ከሁሉ የበለጠ ያስደነቀኝ የሰዓቱ ጉዳይ ነው። የጀርመኑ ሥልጠና 2,100 ሰዓት የክፍል ትምህርትና 2,500 ሰዓት የተግባር ልምምድ ያለው በመሆኑ ንጽጽሩ የሚደረገው በሰዓት ነው፤ በእኅቴ ትራንስክሪፕት ላይ የሰፈረው ግን ክሬዲትና ውጤት ብቻ ነበር። ጋሼ ትራንስክሪፕቱን ፎቶ ኮፒ አድርገው፣ በማስመሪያ እያሰመሩ፣ በእያንዳንዱ የተግባር ኮርስ ግርጌ በእርሳስ «ስንት ሰዓት? የትኛው ዋርድ?» የሚል ማስታወሻ ጻፉበት። ከዚያም ለሬጅስትራርና ለትምህርት ክፍሉ የሚቀርብ አንድ ገጽ ማመልከቻ አረቀቁላት፤ ውስጥ ደዌ፣ ቀዶ ሕክምና፣ ሕፃናት፣ ማዋለጃ፣ አእምሮ ሕክምና፣ የኅብረተሰብ ጤና እያለ፣ አታችመንት (የተግባር ልምምድ) የወጣችበት ሰዓት በየክፍሉ ተለይቶ እንዲጻፍላት የሚጠይቅ ነው። ዩኒቨርሲቲውም ጠይቃ ስትጠብቅ ቆይታ በማኅተም ሰጣት። በኋላ ከጀርመን የመጣው የጉድለት ዝርዝር አጭር ነበር፤ በአብዛኛው እኛ ዘንድ ራሱን ችሎ እንደ ዋርድ የማይታወቀውን የአረጋውያን ክብካቤ የሚመለከት ነው። ያ ወረቀት ባይኖር ተግባሯ ሁሉ እንዳልተሠራ ይቆጠርባት እንደነበር ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ራሱ መረዳት ይቻላል።

ሁለተኛው የቀን ጉዳይ ነው። የእኅቴን ልደት እዚህ መጻፍ ስለማይገባኝ በምሳሌ ላስረዳ። ጥቅምት 20 ቀን በአዘቦቱ ዓመት ኦክቶበር 30 ላይ ይውላል። 1991 ዓ.ም. ግን ዘመነ ሉቃስ ሆኖ ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረች፣ የ1992 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ዋለ፤ በመሆኑም ጥቅምት 20 ቀን 1992 ዓ.ም. ኦክቶበር 31 ቀን 1999 ነው። ከእኅቴ ሰነዶች አንዱ በዚህ ዓይነት የአንድ ቀን ልዩነት ከፓስፖርቷ ጋር የማይገጥም ሆኖ ተገኘ። እኛ ያላየነውን፣ ሰነዱን ያወጣው ክፍልም ያላስተዋለውን፣ ጋሼ በአሮጌ ደብተራቸው ላይ ከያዙት ሰንጠረዥ ጋር አስተያይተው በአንድ ጊዜ ለዩት፤ ሰነዱም ከመላኩ በፊት ታረመ። እንዲህ ያለው ጥንቃቄ አሁን ከቀድሞው ይበልጥ የሚያስፈልግ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ጀርመን ቪዛ የተከለከለ ሰው ለኤምባሲው በነጻ ያቀርብ የነበረውን የቅሬታ ሥርዓት እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ አንሥታዋለች። ከዚህ በኋላ የሚቀረው እንደ አዲስ ማመልከት ወይም በርሊን ባለው የአስተዳደር ፍርድ ቤት መክሰስ ነው።

ስለ ሥራ ፍለጋውም አንድ ነገር ማንሣት አለብኝ፤ ብዙ ነርሶች የሚታለሉት እዚህ ላይ ነውና። እናታችን «ሆስፒታሉንም እርስዎ ያግኙላት» ብላ ለምናቸው ነበር። ጋሼ በአክብሮት እምቢ አሏት። የዓለም ጤና ድርጅት የጤና ባለሙያ እጥረት ክፉኛ የሚያሠጋቸው ብሎ እ.ኤ.አ. በ2023 ከዘረዘራቸው 55 አገሮች ውስጥ ኢትዮጵያ አንዷ ናት፤ የጀርመን የቅጥር ደንብም በአንቀጽ 38 ከእነዚህ አገሮች የጤናና የነርሲንግ ሠራተኛ የመመልመልና የማገናኘት ሥራ ለአገሪቱ የሥራ ኤጀንሲ ብቻ የተተወ እንደሆነ ይደነግጋል። ባለሙያው በራሱ ተነሣሽነት ቢያመለክት አይከለከልም። ስለዚህ «ከጀርመን ሆስፒታል ውክልና ይዤ ነርስ እመለምላለሁ» የሚል ደላላ ጅማ ላይ ሲገጥማችሁ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ከዚህ ደንብ ትረዳላችሁ። እኅቴ «ሜክ ኢት ኢን ጀርመኒ» ከሚባለው የጀርመን መንግሥት ገጽ ተነሥታ፣ ማስታወቂያ ላወጡ ሆስፒታሎች ራሷ እየጻፈች፣ በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ተደርጎላት የሥልጠና ቦታዋን አገኘች። ጋሼ ያደረጉት የሥራ ታሪኳን አጻጻፍ ማስተካከል ብቻ ነው፤ ለዚያም እንደ ጽሑፉ ገጽ ብዛት የተሰላውን ዋጋ ነው ያስከፈሉት።

ቢሮአቸው ተራ ስንጠብቅ የሌሎችንም ጉዳይ መስማታችን አልቀረም። ለቤት ሠራተኝነት ወደ መካከለኛው ምሥራቅ በጉብኝት ቪዛ ልትሄድ የነበረች አንዲት ልጅ፣ የወጪውን ዝርዝር አሳይታቸው ነበር። እርሳቸው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008ን ከመደርደሪያቸው አውጥተው፣ የመግቢያ ቪዛውንም ሆነ የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱን የሚከፍለው አሠሪው እንደሆነ የሚናገረውን አንቀጽ ጮክ ብለው አነበቡላት፤ ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ በኩል፣ ውሏ ጸድቆ እንድትሄድም መከሯት። በጀርመን የማስተርስ ትምህርት ቅበላ ያገኘ አንድ ወጣት ደግሞ በብሎክድ አካውንት (በዝግ የባንክ ሒሳብ) ለዓመት የሚጠየቀውን 11,904 ዩሮ ከዘመድ ተበድሮ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ማሳየት ይቻል እንደሆነ ሲጠይቃቸው፣ ያ ገንዘብ በየወሩ እየተቀነሰ የሚኖርበት እንጂ ታይቶ የሚመለስ አለመሆኑን አስረድተው አሰናበቱት። ቅር ብሎት ወጣ፤ እኔ ግን እኅቴን የሰጠኋቸው ለምን እንደሆነ በዚያች ቅጽበት ይበልጥ ገባኝ።

ጥቆማዬ የተሟላ እንዲሆን የማይመቸውንም ልናገር። ጋሼ አይቸኩሉም፤ ነገ ኤምባሲ ቀጠሮ አለኝ ብሎ ለሚመጣ ሰው የሚሆኑ ባለሙያ አይደሉም። ስልክ ብዙም አያነሡም፣ መብራት ሲጠፋም ሥራው ይቆማል። ጀርመንኛ ትርጉም አይሠሩም፤ ብዙዎቹ የእውቅና መሥሪያ ቤቶች የሚቀበሉት ቃለ መሐላ የፈጸመ ተርጓሚ የሠራውን ስለሆነ፣ ያንን ከጀርመን አገር በኢንተርኔት አሠርታችሁ እንድታመጡ ይነግሯችኋል። ስለ ካናዳና ስለ እንግሊዝ የሚጠይቋቸውንም በሚያውቁት ልክ መልሰው፣ ከዚያ ያለፈውን ከአገሮቹ የመንግሥት ገጽ እንዲያነቡ ይመክራሉ። ይህን እንደ ጉድለት የሚያዩ አሉ፤ እኔ ግን የማያውቀውን የሚተው ሰው በዚህ ሥራ ላይ ብርቅ ነው እላለሁ።

እኅቴ አሁን በአንድ ሆስፒታል በረዳትነት እየሠራች የማሟያ ሥልጠናዋን ጀምራለች። ለጋሼ የላከችው የምስጋና መልእክት በእጃቸው ደርሷል፤ የእኛ የቤተሰቡ ደግሞ ይኸው። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን፤ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ።

ወደ እርሳቸው የምትሄዱ ሰዎች ፓስፖርታችሁን፣ የትምህርትና የልደት ማስረጃችሁን፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤያችሁን ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ፤ ዋናውን ለማመሳከር ያዩታል እንጂ ቢሮአቸው አያስቀሩም። ዋጋው በገጽ ተሰልቶ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ ደረሰኝም ይሰጣሉ። ዓርብ ለጁምዓ ስለሚዘጉ ከቀትር በፊት ካልደረሳችሁ ለቅዳሜ ጠዋት አድርጉት።