የሰፈራችን ቆሻሻ ሰብሳቢዎች፦ ላይ ሰፈር ጎበዞች፣ ታች ሰፈር የሉም

ጅማ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞሩ ቆሻሻ የሚያነሱ የወጣቶች ማኅበራት አሉ። ስለ እኛ ሰፈሮቹ ልጻፍ። ስማቸውን አልጠራም፣ ችግሩ የልጆቹ ብቻ አይደለምና።

ጥሩውን ላስቀድም። ኮብልስቶን በገባበት ሰፈር አገልግሎታቸው እውነትም ደስ ይላል። በቀናቸው ይመጣሉ፣ በር ያንኳኳሉ፣ ማዳበሪያውን ተሸክመው ጋሪ ላይ ይጭናሉ። የጫት ገረባ እንኳ ሳያማርሩ ያነሳሉ። ክፍያውም አይከብድም።

ወደ አዌቱ ወንዝ ዳር ስትወርዱ ግን ነገሩ ሌላ ነው። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ጋሪ አይገባም፤ በቀን ሥራ ለሚያድር ሰው ደግሞ ያቺው ወርሃዊ ክፍያ ከዳቦ ላይ ነው የምትቀነሰው። ስለዚህ ሰብሳቢ አይመጣም፣ ቆሻሻው ወንዝ ይገባል። ከዚያ እኛ ላይ ሰፈር ያለነው «እነሱ እኮ ለአካባቢ ግድ የላቸውም» እንላለን። ይሄ አባባል በጣም ያናድደኛል። ክረምት አዌቱ ሲሞላ ቤቱ ውሃ የሚገባበት፣ ልጁ የሚታመምበት፣ ሽታው እንቅልፍ የሚነሳው ወንዝ ዳር የሚኖረው ሰው ነው፤ እሱ እንዴት ግድ አይሰጠውም? እኛ ከፍለን ቆሻሻችንን ከዓይናችን ስላራቅን ብቻ ንጹሕ የሆንን ይመስለናል፣ ከግቢያችን በቱቦ የምንለቀው ፍሳሽ ግን ቁልቁል እዚያው ወንዝ ነው የሚወርደው። ባዶ ሃይላንድስ ቢሆን በብዛት የሚወጣው ከማን ቤት ነው? ታች ሰፈር አንዱ ሃይላንድ ዘይት ይቀዳበታል፣ ውሃ ይያዝበታል፣ መጨረሻ ላይ ለቁራሌው ይሸጣል።

አዌቱ ደግሞ ከተማው ውስጥ አይቀርም። ጉማሬ የሚታይበት የቦዬ ረግረግ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ግልገል ጊቤ፣ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግድብ ወዳለበት።

ለልጆቹ ትጋት 5 ከ5 ሰጥቻለሁ። ለአገልግሎቱ ግን ከ3 አያልፍም። ጋሪ በማይገባበት መንገድ አፍ ላይ ገንዳ ይቀመጥ። ክፍያውም እንደ አቅም ይሁን፤ ትልልቅ ግቢዎች፣ ሆቴሎችና ጫት ቤቶች ጨመር አድርገን ብንከፍል የታች ሰፈሩን መሸፈን ይቻላል። እኔ ለመጨመር ዝግጁ ነኝ፣ ለልጆቹም ነግሬያቸዋለሁ። ጓንትም ይገዛላቸው፣ በባዶ እጃቸው ነው የሚሠሩት። እስከዚያው የተሰበረ ብርጭቆ ስትጥሉ እባካችሁ ለብቻው ቋጥራችሁ ስጧቸው።