የቀለም ብዕር ማወልወል፦ ውሃና ንጣፍ ወይስ የጨርቅ ጎማ?

አክሪሊክ ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ብዕር ከቶርኖ (እያሽከረከረ ከሚቀርጸው ማሽን) ሲወርድ ደብዛዛ ነው። በእጅ ከሆነ፣ ማይክሮ ሜሽ የሚባለውን የማለስለሻ ንጣፍ ውሃ እየነከሩ ከ1500 እስከ 12000 ቁጥር ድረስ (ቁጥሩ ሲጨምር ንጣፉ ይልማል) 9 ደረጃ መውጣት ነው። ያሰለቻል፤ ግን ውሃው ሙቀቱን ይወስዳል፣ ብናኙንም ያጥባል። በየደረጃው ቶርኖውን አቁሜ በቁመቱ እፈትገዋለሁ፤ አለዚያ መብራት ስር ሲያዞሩት ብቻ የሚታይ፣ ቀለበት የመሰለ ጭረት ይቀራል።

በሞተር የሚዞረው የጨርቅ ጎማ ከነማወልወያ ቅባቱ በደቂቃዎች እንደ መስታወት ያበራዋል። አንድ ቦታ ከቆየ ግን አክሪሊኩ ይሞቃል፣ የክዳኑ ጠርዝም ይዶለዱማል። አንዴማ ክዳኑን ከእጄ መንጥቆ ከግድግዳ አላትሞብኛል! ሴሉሎይድ የሚባለው የድሮ ፕላስቲክ ደግሞ በቀላሉ ስለሚቀጣጠል አጠገቡ አላደርሰውም። ያልጠፋ ጭረት ካለም ጎማው ጭረቱን ያበራዋል እንጂ አይፍቀውም። እኔ የምጠቀምበት ከ12000 በኋላ፣ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው።